ጋቢ የለበሰ ፒያኖ

ግንቦት 21

የአስያ ባል ሞተ። ትናንት ከሰዓት በኋላ አማኑኤል ከተማን አለፍ እንዳለ መኪናው ከመንገድ ወጥቶ ተገለበጠ። ዝናብ ነበር አሉ። ዛሬ ጠዋት ቀበሩት።

ለቅሶ ደርሼ አሁን መመለሴ ነው። አስያ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣለች። አልጮኸችም፤ በእነሱ ሃይማኖት ድምፅ አውጥቶ ሙሾ ማውረድ አይፈቀድም። እጄን ይዛ «መጣሽ እየሩስ?» ብቻ አለችኝ። አጠገቧ ተቀመጥኩ። እኔም አላለቀስኩም። ጎረቤት ነኝ፤ ሚስትየው ዝም ብላ እኔ ላልቅስ ብል ሰው ምን ይላል?

እራት አልበላሁም። ዝናቡ አላባራም።

ግንቦት 23

ወሰንኩ። አስያ ዒዳዋን እስክትጨርስ ድረስ ፒያኖ አይሰማም። ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከአስር ቀን ቤቷ ትቀመጣለች፤ ሥርዓታቸው ነው። የእኔን የልምምድ ክፍልና የእሷን ሳሎን የሚለየው ደግሞ አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። እሷ እዚያ ሐዘን ተቀምጣ እኔ እዚህ ጣቴን ላፍታታ? አላደርገውም።

ለእናቴ ነገርኳት። እናቴ ያለምወርቅ ጆሮዋ ከከዳት ቆይቷል፤ ደጋግሜ ጮኬ ነው የገባት። «ደግ አድርገሻል» አለች። «እኔ እንደሁ ድሮም አልሰማው።»

ግን የመስከረሙ ኮንሰርት አለ። ስለዚህ ዘዴ ፈጠርኩ። የፒያኖውን የፊት ክዳን ፈትቼ በመዶሻዎቹና በሽቦዎቹ መካከል ጋቢዬን አጥፌ አስገባሁበት። አሁን ቁልፎቹን ስነካቸው የሚሰማው የእንጨቱ ኳኳታ ብቻ ነው፤ እሱም ጆሮ ካላስጠጉ አይሰማም። ፒያኖው ብርድ እንደመታው ሽማግሌ ጋቢውን ለብሶ ጥጉን ይዟል።

ይህን ፒያኖ ከአዲስ አበባ ለጨርቅ ሱቁ ዕቃ በሚያመላልስበት መኪና ጭኖ ያመጣልኝ ዑበይዱላህ ነው። በአቡጀዲ ጠቅልሎ፣ በላዩ ሌላ አቡጀዲ ደርቦ፣ ያን የዓባይ ቁልቁለት እያዘገመ ወርዶ። አንድ ሽቦ አልላላም። ሲያወርዱት ተሸካሚዎቹን «ቀስ! ሕፃን ነው ብያችኋለሁ!» እያለ ሲቆጣ ትዝ ይለኛል። የአስያ ባል ማለቴ ነው።

ሰኔ 1

ምናለ ከአዲስ አበባ ደወለ። የሙዚቃ ትምህርት ቤት ጓደኛዬ ነው፤ ኮንሰርቱን የሚያዘጋጀውም እሱ ነው። «ያቺ ጣቷ የማይያዘው ልጅ የት ገባች እያሉ አሁንም ይጠይቁኛል» አለኝ። ያቺ ልጅ ውጭ አገር በየአዳራሹ ስትዞር ኖራ እናቷን ልታስታምም ደብረ ማርቆስ መጣች። እናቷ ዳነች። ልጅቷ ግን አልተመለሰችም። ለምን እንደቀረሁ ምናለ በደወለ ቁጥር ይጠይቀኛል፤ እኔም በደወለ ቁጥር አየሩ ተስማምቶኛል እለዋለሁ።

ልምምዱ እንዴት ነው አለኝ። እንደ ወትሮው ነው አልኩት። ወትሮው ምን እንደሆነ ብነግረው ይስቅብኛል። እጄን ለብ ባለ ውሃ እነክራለሁ። ጫማዬን አውልቄ የሱፍ ካልሲ አደርጋለሁ። መጋረጃውን እዘጋለሁ፤ ሰው ካየኝ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። ግራ እጄን ብቻውን አስቀድመዋለሁ፤ ሰነፍ ነው፣ ካላስጠናሁት ቀኙን እያየ ያጭበረብራል። አንዲቱን መስመር እስኪሰለቸኝ፣ ከሰለቸኝም በኋላ፣ ቀስ እያልኩ እመላለስባታለሁ። ተማሪ ሳለሁ ደግሞ ስጫወት የማንጎራጎር አመል ነበረብኝ። መምህሬ እርሳስ በጥርሴ እያስነከሰች አስተወችኝ። እሱ እንኳ ድሮ ቀረ።

ሰኔ 6

ቸኩያለሁ። እናቴ መድኃኒቷን አልውጥም ብላ ስንጨቃጨቅ ረፈደ። ልምምድ ጥሩ። ግራ እጅ ይሻለዋል። አስያ ጋ ነገ።

ሰኔ 9

ለአስያ የላክሁት ምስር ሳይነካ ተመለሰ። አንድ ቁራሽ እንኳ አልተነሳለትም። ሐዘን ሆድ ይዘጋል፤ አልፈርድባትም። ነገ ሽሮ እልክላታለሁ።

እናቴ ጋቢ ፍለጋ ሳጥኔን ከፍታ ጨርቄን በሙሉ ወለሉ ላይ ዘረገፈችው። የገበር፣ የመጋረጃ፣ ባለ አበባ፣ ባለ መስመር፣ ምን የሌለ አለ።

«አንቺ ልጅ፣ ይኼ ሁሉ ጨርቅ ምን ሊሆንልሽ ነው? አንድ ቀሚስ አሰፍተሽ እንኳ አላየሁ!»

«አሰፋዋለሁ እማ።»

«ምን?»

«አሰፋዋለሁ!»

«እኔ ከሞትኩ በኋላ?»

መልሼ አጣጥፌ አስገባሁት። ረከስ ሲል እየገዛሁ የተጠራቀመ ነው። ከዚህ ቤት እስከ ሱቁ ደግሞ ሩቅ አይደለም፤ ሰው በእግሩ ሲንሸራሸር አንድ ነገር ሳይዝ አይመለስም።

ሰኔ 17

የሟች እህት ሳሊሃ ከቁይ መጥታ አስያ ጋ ተቀምጣለች። ዛሬ ልብስ ሳሰጣ ከአጥሩ ማዶ ለአንዲት ሴት ስታወራ ሰማኋት፦ «ሐዘን ቤት አጠገብ ይንጎራጎራል እንዴ? ኧረ ሰው አያፍርም!»

ደሜ ፈላ። እኔ ለሙያዬ እንኳ ሳልሳሳ አፌን ዘግቼ ተቀምጫለሁ፤ በጓሮ በኩል የተከራየው ባጃጅ ነጂ ደግሞ ስልኩን ከፍቶ ያስጮሀል! ቀጥ ብዬ ሄጄ አንኳኳሁበት።

«ቢተው፣ ነውር አታውቅም? ጎረቤት ሰው ሞቷል እኮ!»

«እኔ?» አለ። «እኔ ምን አደረግሁ እትዬ እየሩስ?»

«ዘፈኑን ነዋ!»

ፈገግ ሊል ጀመረና ተወው። ፊቴን አየት አደረገ። «እውነትዎን ነው?» አለኝ። ከዚያ አንገቱን ደፋ። «እሺ። እኔ ነኝ እንበል።»

ዓይን አውጣ!

ሐምሌ 2

አስያ በእኛ በኩል ያለውን መስኮት ዘግታዋለች። የዒዳ ሥርዓት ይሆናል። ልምምድ፣ ከሰዓት ሙሉ።

ሐምሌ 13

አስያን ልጠይቃት ገባሁ። ድሮ የምትቀመጥበትን የግድግዳ ጥግ ትታ ፍራሿን ወደ በሩ አዙራዋለች። ግድግዳችን ክረምት ክረምት እርጥበት አለው፤ ለዚያ ነው ብዬ ገመትኩ። ሳሊሃ ሻይ አስቀምጣልኝ ወጣች።

«ከሰዓት ከሰዓት ምን ትሠሪያለሽ?» አለችኝ አስያ።

«ምንም። ፒያኖውን አፍኜዋለሁ። ላንቺ ስል።»

«ለእኔ ስትዪ።»

«እንዳይረብሽሽ ብዬ ነው።»

አየችኝ። ብዙ ቆይታ አየችኝ። «ፒያኖው አልረበሸኝም» አለች። ከዚያ ራሴን አሞኛል ብላ ጋደም አለች።

ይቺ ሴት ማምሻውን ሥራዋን ስትጨርስ በርጩማ አውጥታ መስኮቴ ሥር ቁጭ የምትል ነበረች። የሰፈሩ ሰው «መቼ ነው የሚያልቀው?» ሲለኝ እሷ «ያንን ዝግ ያለውን ድገሚልኝ» ትለኝ ነበር። ጣቴ ሲሳሳት ታውቃለች፤ ስታውቅ ደግሞ አትናገርም፣ ጉሮሮዋን ትጠርጋለች። ሌላ ጓደኛ የለኝም። አስያን ካጣሁ እዚህ አገር ከማን ጋር ልኖር ነው?

አንድ ነገር አጥፍቻለሁ። ምን እንደሆነ ግን አላውቅም። ምስሩ ጨው በዝቶበት ይሆን? ለቅሶው ላይ አለማልቀሴ ይሆን? የድንጋይ ልብ ያላት ሴት አስመስሎኝ ይሆናል። ማልቀስ ነበረብኝ።

ሐምሌ 27

መብራት ከጠፋ ሰነበተ። ለእኔ ልምምድ መብራት አያሻኝም፤ ከሰዓት ያለው ብርሃን ይበቃኛል።

የሚገርመው በሕይወቴ እንዲህ ተለማምጄ አላውቅም። ለኮንሰርቱ የያዝኩት የፒያኖ ድርሰት፣ የሶናታው፣ ሁለተኛ ክፍል፣ ያ አስያ የምትወደው ዝግተኛው፣ ራሱን በራሱ ይጫወታል። እኔ የለሁበትም። ስጨርስ ደግሞ ስቅስቅ ብዬ አልቅሼ እንደተነሳሁ ያህል ደረቴ ቀለል ይለኛል። ጉሮሮዬ ብቻ ይደርቅብኛል። ይህ ክረምት ለጉሮሮ አልሆነኝም። ማር በሙቅ ውሃ ጀምሬያለሁ።

ሐምሌ 29

ሳሊሃ ደጅ ላይ ሰላምታዬን አልመለሰችም። ወይም አልሰማችኝም። ይዘንብ ነበር።

ነሐሴ 6

ሱቁ ተከፍቷል። ሳሊሃ የተረፈውን ጨርቅ እየሸጠች ነው። የምገዛው ነገር አልነበረኝም፤ እግሬ ወሰደኝ።

«ምን ፈለግሽ?»

«የገበር ጨርቅ።»

«ስንት ሜትር?»

አላሰብኩበትም። ሁለት አልኳት። ጨርቁን በዝምታ ለካች፣ በዝምታ ቆረጠች፣ አጣመመችው። እሱ እንዲህ አልነበረም የሚቆርጠው። ጨርቁን ሲዘረጋ ያንጎራጉራል፤ ቃል የለውም፣ የማንም ዜማ አይደለም፣ የራሱ ነው። ወደ ላይ ይወጣል፣ ይወጣል፣ መቀሱን ሲያነሳ ዝም ይላል። እጁ እንዳይስት ትንፋሹን ይይዛል። መቀሱ ጨርቁን እስኪያቋርጥ ሱቁ ውስጥ ምንም አይሰማም። ከዚያ ካቆመበት ይቀጥልና ቀስ እያለ ይወርዳል። ብዙ ታላላቅ ሙዚቀኞች ዝምታ የት እንደሚቀመጥ አያውቁም። አንድ ባለሱቅ ያውቅ ነበር። ይህን የምጽፈው በሙያዬ ስለገረመኝ ነው።

ሳሊሃ ጨርቁን ስትሰጠኝ «ወንድሜ ላንቺ ሲለካ አንድ ክንድ ይጨምርልሽ ነበር፣ አይደል?» አለችኝ።

«ለሁሉም ይጨምራል» አልኩ።

«ለሁሉም አይጨምርም ነበር።»

ሒሳቡን ከፍዬ ወጣሁ።

ነሐሴ 17



ጣቶቼ እኩል መውደቃቸውን ልፈትሽ ብዬ ስልኬን ፒያኖው ላይ አስቀምጬ የእንጨቱን ኳኳታ ቀረጽኩ። መልሼ ስከፍተው የሰማሁት ኳኳታ አይደለም። የሰው ድምፅ ነው። ያ ቢተው ነው ብዬ መስኮቱን በረገድኩት። ግቢው ጭር ብሏል። ድምፁ ከስልኬ ነው። የሴት ድምፅ ነው። የእኔ ነው።

ለስለስ ያለ ነገር እንዳይመስልሽ፣ እየሩስ። ክፍሉን የሚሞላ እንጉርጉሮ ነው። የጭቃ ግድግዳ ምን ብሎ ያግደዋል?

ከዚህ የባሰም አለ። ዛሬ አልችልም።

ነሐሴ 18

የባሰው ይኼ ነው። የማንጎራጉረው ሶናታውን አይደለም። ጣቶቼ ሌላ ይዘዋል፣ ጉሮሮዬ ሌላ። ጉሮሮዬ የያዘው የሱቁን ዜማ ነው። ይወጣል፣ ይወጣል፣ መቀሱ ጋ ዝም ይላል፣ ከዚያ ይወርዳል። ዝምታው እንኳ አልጎደለም። ከግንቦት ጀምሮ፣ ከሰዓት ከሰዓት፣ በሚስቱ ጆሮ ሥር።

ምስሩ ለምን እንደተመለሰ ገባኝ። መስኮቱ ገባኝ። ቢተው አንገቱን ለምን እንደደፋ ገባኝ። እኔ ደግሞ ሄጄ «ላንቺ ስል ፒያኖውን አፍኜዋለሁ» እላታለሁ! እንዴት ብላ አየችኝ! ብትሰድበኝ በተሻለኝ ነበር።

እሷ ሃይማኖቷ ከልክሏት ድምፅ አውጥታ አላለቀሰችም። እኔ፣ ምኑም ያልሆንኩት፣ ክረምቱን ሙሉ ሳለቅስለት ከረምኩ።

ምንም አላደረግንም። እጄን እንኳ ነክቶኝ አያውቅም፤ መልስ ሲሰጠኝ ባንኮኒው ላይ ነበር የሚያስቀምጠው። ስለ ዝናብ፣ ስለ መንገድ፣ ስለ ፒያኖው ነው የምናወራው። «ሕፃኑ እንዴት አደረ?» ይለኛል። እኔም ጨርቅ እገዛለሁ።

ወድጄው ነበር። ይኸው፣ ጻፍኩት። ወድጄው ነበር፣ እዚህ የቀረሁትም ለእሱ ነው፣ ሲሞት ደግሞ እንደ ጎረቤት እጄን አጣምሬ ተቀመጥኩ። አስያንም እወዳታለሁ። ይህን ማን ያምነኛል?

ነሐሴ 19

እስከ በሯ ሄጄ ተመለስኩ። ምን ልበላት?

ነሐሴ 25

እርሳስ ነክሼ ሞከርኩ። አመሉን አፍኜ ሶናታውን ብቻ ልጫወት አልኩ። አንደኛው ክፍል እንደምንም አለፈ። ሁለተኛው ላይ ጣቶቼ ቆሙ። ተረሳኝ ማለት አይደለም፤ እያንዳንዱን አውቀዋለሁ። አይሄድም። እርሳሱን ነክሼ ቁጭ እንዳልኩ እናቴ ገባች።

«ምን በላሽ ደግሞ?» አለችኝ።

«ምንም እማ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልጮህ ሰማችኝ። ራሴን ወደ ሆዷ አስጠጋችው።

ጋቢውን አውጥቼ ሰጠኋት። ፒያኖውን ቆለፍኩት።

ጳጉሜን 2

ለምናለ ደወልኩለት። አልመጣም፣ ሌላ ሰው ፈልግ አልኩት። መጀመሪያ ለመነኝ፣ ከዚያ ተቆጣኝ። «መድረክ ፈርተሽ ነው!» አለኝ። አዎ አልኩት። ፈርታለች ይበለኝ፤ ይቀላል።

መስከረም 1

ልጆቹ አበባ ይዘው መጡ፤ እናቴ ዳቦ ሰጠቻቸው። እኔ አልወጣሁም። ማዶ ዝም ብሏል። እዚህም ዝም ብሏል። ድሮ ከሁለቱ ቤት አንዱ ሳይሰማ አይውልም ነበር።

መስከረም 16

ሳሊሃ በአጥሩ በኩል እናቴን ጠርታ «እየሩስ ታማለች እንዴ?» ብላ ጠየቀቻት። እናቴ ሌላ ነገር የጠየቀቻት መስሏት «አዎ፣ ድንቹ ደርሷል» አለቻት። ማን እንዳስጠየቀ አልገባኝም። ሳሊሃ በራሷ አትጠይቅም።

መስከረም 24

ትናንት ዒዳዋን ጨረሰች። ዛሬ ረፋድ ላይ መጣች። መጀመሪያ የወጣችው ወደዚህ ነው። ከስታለች። በሩ ላይ ቆማ ፒያኖውን አየችው።

«አቁመሻል» አለች።

«አቁሜያለሁ። አስያ፣ በእግዜር ስም፣ ድምፅ ማውጣቴን አላወቅሁም ነበር።»

«እንደማታውቂ አውቃለሁ። ብታውቂማ ኖሮ ግድግዳውን አፍርሼ እመጣልሽ ነበር።»

ወንበር ሰጠኋት። አልተቀመጠችም። ቤቱን አከራይታ ከሳሊሃ ጋር ወደ ቁይ ልትሄድ ነው፤ ወንድሞቿ እዚያ ናቸው። መኪናው ነገ ይመጣል። ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት በእጇ አስቆመችኝ።

«ተይው። አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት። ዑበይድ ቤት ውስጥ አያንጎራጉርም ነበር። ምሳውን ይዤለት ስሄድ ከደጅ እሰማዋለሁ። መቀሱ ጋ እስኪደርስ ቆሜ እሰማዋለሁ። ስገባ ያቆማል። ያፍረኝ ነበር መሰል፣ እንጃ። አስራ ሰባት ዓመት መጨረሻውን ሰምቼው አላውቅም።»

ግድግዳውን አየች።

«መጨረሻውን በዚህ በኩል ሰማሁት። ካንቺ። መጀመሪያ በንዴት ፍራሼን አዞርኩ። ኋላ ግን መልሼ ተጠጋሁ። ሳሊሃ እንዳትነቃብኝ ትራስ የምደገፍ መስዬ እጠጋ ነበር። ስታቆሚ ጊዜ የታመምሽ መስሎኝ ላስጠይቅሽ ላክሁ።»

ፒያኖውን ተደገፍኩ።

«እውነቱን ንገሪኝ» አለች። «መጨረሻው የእሱ ነው? ወይስ ካንቺ የጨመርሽው ነው? አንቺ ስትገቢስ ያቆም ነበር?»

የእሱ ነው ብላት ዜማውን ይዛ ትሄዳለች፤ ግን ለማን እስከ መጨረሻው ያንጎራጉር እንደነበረም ይዛ ትሄዳለች። ሁለቱን መለየት አልቻልኩም። ዓይኗን አየሁት። እንዴት አድርጋ እንደምትጠብቀኝ!

«ያቆም ነበር» አልኳት። «መጨረሻውን እኔ ነኝ የጨመርኩበት። ሥራዬ ነው፤ ተቆርጦ የቀረ ነገር አልወድም።»

ትንፋሿን ለቀቀች። «አልሐምዱሊላህ» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ አቀፈችኝ፤ ከግንቦት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። ትከሻዬ ላይ ሆና አለቀሰች፣ ድምፅ ሳታሰማ። በሩ ጋ ስትደርስ ዞር አለች።

«አትቀየሚኝና እየሩስ፣ መጨረሻው እሱን አይመስልም። እሱ እንዲህ ልብ የሚበላ ሰው አልነበረም።»

«ልክ ነሽ» አልኳት።

እኔ ስገባ አንድ ቀን እንኳ አቁሞ አያውቅም።